የጣቢያው ሹም ደም ግፊት

ሕክምና ሳይማር ሐኪሙን የሚያርም ሰው የሌለበት ሰፈር ከሰማይ በታች የለም። ድሮ ይህ ሰው ሥርና ቅጠል ይዞ ይዞር ነበር፤ ዛሬ ስልክ ይዟል። ድሮ «አያቴ እንደነገሩኝ» ይል የነበረው ዛሬ «እዚህ ላይ እንደተጻፈው» ይላል። ለውጡ ይኸው ነው። ምላሱ ያው፣ እርግጠኝነቱ ያው፣ ሳይጠሩት ከች ማለቱም ያው ነው።

ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ምዜ ምዋኪዮ ናቸው። «ምዜ» የምንለው ለሸበተ ሰው ሁሉ ነው፤ «ክቡር» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ በንዴት። ሠላሳ አራት ዓመት በባቡር መሥሪያ ቤት አገልግለው የቮይ ጣቢያ ሹም ሆነው ጡረታ ወጡ። ጣቢያውን ለተተኪያቸው አስረከቡ። ሰዓት አክባሪነታቸውን፣ የመዝገብ ፍቅራቸውን፣ በደረታቸው ላይ አጋድመው የሚያንጠለጥሏትን የቆዳ ቦርሳና ሰውን እንደ ዕቃ ባቡር አቁሞ የማሳለፍ ልማዳቸውን ግን ይዘውት ሰፈር ገቡ። የሚቆጣጠሩት ባቡር ሲጠፋ የእኛን አካል መቆጣጠር ጀመሩ።

እኔ ዋኬሾ እባላለሁ። ከሐዲዱ ማዶ ባለችው ጤና ኬላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ምዜ በሳምንት ሁለት ቀን ወረፋውን በሙሉ በዓይናቸው እየገመገሙ ያልፉና ጠረጴዛዬ ፊት ይቆማሉ። ከዚያ በጣቢያ ድምፃቸው «ሲስተር፣ ምርመራው አልቋል። እኔ ለፊርማ ነው የመጣሁት» ይሉኛል። በስልካቸው ያገኙት በሽታ ስም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መስመር ይረዝማል። «ይሄ እኮ እኛ አገር የለም» ስላቸው ቅር ይላቸዋል። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ያለ ምክንያት የዘገየ ባቡር የለም።» ምን ለማለት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያስወጣል።

የሰፈራችንን ፓስተር ሳል፣ በሩቅ አገር ወፍ አርቢዎችን የሚይዝ በሽታ ነው ብለው ፈረዱበት። ፓስተሩ ዶሮዎቹን በሙሉ ሸጠ። ሳሉ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ቀለም የመጣ ነበርና አብሮት ቆየ። አንድ ቀን ደግሞ ሥጋ ሻጩን ዓይንህ ቢጫ ሆኗል፣ ጉበትህ ነው ብለው ከሥራው አስነስተው ወደ እኔ አመጡት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ዓይኑ ነጭ ነበር። ቢጫው ከሱቁ በር ላይ የተወጠረው ሸራ ነው።

ይህን ሁሉ ባለቤታቸው የምጎይ እናት በትዕግሥት ያያሉ። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ቤታቸው ደርሼ፣ ምዜ በግራ እጃቸው የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ ጠቅልለው በቀኛቸው ስልኩን ሲያገላብጡ ባለቤታቸው እንዲህ ሲሏቸው ሰማሁ፤ «የምጎይ አባት፣ ብላ እንጂ። ባቄላውም ታሟል ብሎ ጻፈልህ?»

እንግዲህ እንዲህ ላለው ሰው ነበር ማሽን የታደለው።

የመንግሥት ይሁን የለጋሽ እስከ ዛሬ ያልገባኝ አንድ ፕሮግራም መጣ። ደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች በክንድ የሚታሰር መለኪያ ይሰጣል። መለኪያው የለካውን በራሱ የስልክ መስመር ወደ ሞምባሳ ይልካል፤ እዚያ ትልቅ ኮምፒውተር ይቀበለዋል፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ ደግሞ ሐኪም ተቀምጧል። የፕሮግራሙ ሰውዬ ክራባቱን አጥብቆ ጤና ኬላችን ደጅ ላይ ንግግር አደረገ፤ ከእንግዲህ ሐኪሙ ኪሳችሁ ውስጥ ነው አለን። ወረፋ የያዙት እናቶች ኪሳቸውን ዳሰሱ። ለእኛ ኬላ አሥራ አራት ማሽን ደረሰን። ሰባት ገጽ ውል አብሮት ነበር። ከውሉ ውስጥ ሰው ያነበበው አንድ መስመር ነው፤ አንድ ማሽን ለአንድ ሰው ብቻ።

ምዜ ሰባቱንም ገጽ ቆመው አንብበው ፈረሙ። ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ያለ ስለሆነ ይገባቸዋል። ማሽኑን ቦርሳቸው ውስጥ አስገብተው፣ ቦርሳውን ደረታቸው ላይ አጋድመው፣ ከኬላዬ ሲወጡ አዲስ ሹመት የተቀበሉ ይመስሉ ነበር።

በቀን ሁለቴ ለኩ ተብለው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ስልሳ አንድ ጊዜ ለኩ። ይሁን፣ ፍቅር ነው አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቁጥሮቹ አስደነገጡኝ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዘጠና አራት በስልሳ ሆነው ራሳቸውን ሊስቱ የደረሱት ሰውዬ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ መቶ ሰባ አንድ በመቶ ሁለት ይሆናሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ መቶ አሥራ ስምንት በሰባ ስድስት። ኮምፒውተሩም ቁጥሩን እየተከተለ መልእክት ይልክላቸዋል። በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ «ውድ ምዋኪዮ፣ ውሃ ይጠጡ»፣ «ውድ ምዋኪዮ፣ ወዲያውኑ ይተኙ» እና «ውድ ምዋኪዮ፣ በርቱ፣ ልብዎ ጤናማ ነው» የሚባል ሰው በምድር ላይ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከኮምፒውተሩ ኋላ የተቀመጠችው ሐኪም ዶክተር ሻምሳ ትባላለች። ወጣት ናት፣ ትጉህ ናት፣ ጨዋ ናት። ደውላ ሰውዬው መድኃኒታቸውን በትክክል እየዋጡ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምዜን ጠየቅኋቸው፤ በትክክል እየዋጥኩ ነው አሉኝ። በሌላው ሳምንት እንደገና ደወለች። የምዜን ቁጥር ለስብሰባ አቅርባዋለች፤ ሦስት ስፔሻሊስቶች ተወያይተውበታል። አንደኛው ከኩላሊት በላይ ያለችው እጢ ናት ብሏል። ሁለተኛው ከአንጎል ነው ብሏል። ሦስተኛው እንዲህ ያለ ሰው በሕይወት ዘመኑ አጋጥሞት እንደማያውቅ ተናግሮ፣ በአካል ቢያመጧቸው ደስ እንደሚለው ገልጿል። እስከዚያው ድረስ ጠንከር ያለ ሁለተኛ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ሰጠኋቸው። ተቀብለው አመሰገኑኝና ጣሳ ውስጥ ከተው አስቀመጡት። አለመዋጣቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ በወቅቱ ይህን ባውቅ ኖሮ እጮህባቸው ነበር። እኔ መጮህ እችልበታለሁ።

አሁን ወደ ረቡዕ ልምጣ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ወረፋው በር አልፎ ጥላው ድረስ ሄዷል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስክሪን ቀላ፤ ምዋኪዮ፣ መቶ ሰማንያ ስድስት በመቶ አሥራ ስምንት። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መቶ ዘጠና በመቶ ሃያ። ወዲያው ዶክተር ሻምሳ ደወለች። አምቡላንስ ተልኳል፣ ሰውዬው አንጎላቸው ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ሩጪ አለችኝ። ወረፋውን ለጽዳት ሠራተኛዋ አደራ ብዬ፣ የድንገተኛ ቦርሳዬን አንስቼ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሐዲዱን ሮጬ ተሻገርኩ። እየሮጥኩ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ሰውዬው በመጨረሻ እውነት ታመሙ፣ እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ሳቅሁባቸው።

ምዜ ከፀጉር ቆራጩ ቤት ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ባኦ እየተጫወቱ ነው፤ ጠጠሮቹን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየበተኑ ባላጋራቸውን ያበሽቃሉ። በሌላው እጃቸው በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ ማንዳዚ፣ ይዘዋል። ሳልናገር ክንዳቸውን ይዤ በእኔ መለኪያ ለካሁ። መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማንያ አራት።

«ምዜ፣ ማሽንዎ የት አለ?»

ቦርሳቸውን ያዝ አደረጉ። ማሽኑ አልነበረበትም። ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን አሳየኋቸው። ሲያነቡት ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ማንዳዚው ከእጃቸው ወደቀ። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«የማን ክንድ ነው?» አልኳቸው።

ከቦርሳው ኪስ አንድ ደብተር አወጡና ዘረጉልኝ። በመሥመር የተከፋፈለ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ የባቡር የጉዞ ሰሌዳ ነበር። ልዩነቱ ከተማ የለበትም፤ ሰው ነው ያለበት። ማሽኑ ከምዜ ቤት በአንድ ሰዓት ከአርባ ይነሳል፤ ሰዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉታል። ሁለት ሰዓት ላይ የማገዶ ሻጯ ቤት ይደርሳል፣ አሥር ደቂቃ ቆሞ ይነሳል። ከዚያ ዓይነ ስውሩ የቅርጫት ሠሪ፣ ከዚያ የመምህሩ ሚስት፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ማክሰኞ አንድ መስመር፣ ረቡዕ ሌላ መስመር። የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ከነሰዓቱ ከነቀኑ ተጽፏል። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ ሦስት ሰዎች በምዜ ስም ሲለኩ ኖረዋል። በሞምባሳ ሦስት ስፔሻሊስቶችን ያወዛገበው ያ ጉደኛ ሰውዬ አሥራ ሦስት ክንድ ነበረው።

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። ውሉን ፈርሜያለሁ፣ ብነግርሽ ማሽኑን ትወስጂዋለሽ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እወስደው ነበር።

ሰሌዳው ላይ አራት ሰዓት የመምህሩ ሚስት ተራ ነው። ሁለታችንም እየሮጥን ሄድን። እሷ ክንዷን ዘርግታ ማሽኑን ትጠብቃለች፤ ዛሬ አልደረሰልኝም አለች። ምዜ ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ ወደ ኋላ አንሸራትተው ከእሷ በፊት ያለው ስም ላይ አቆሙ። ስሙን አነበብኩት። ምካዋሲ ይላል።

ምካዋሲ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ በስድስተኛው ወሯ ወደ ኬላዬ መጣች። ያን ቀን ሙቀት ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ይህ ሁሉ ግን ሰበብ ነው። በወረፋው ሁሉ ፊት «ስድስት ወር ሙሉ ተኝተሽ ነበር?» አልኳት። ሰው ሳቀ። ሰው በመሳቁ እኔም ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ልጇንም እቤቷ ወለደች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ ዓይኔን ግን አታየኝም። እንደገና ማርገዟን እንኳ አላውቅም ነበር።

ስንደርስ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። ሆዷ ገፍቷል፣ እግሯ አብጧል። መለኪያው ከግራ ክንዷ አልተፈታም፤ በቀኟ ጨርቅ ትገፋለች። ከጠዋት ጀምሮ ራሷን እየፈለጣት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለባት ነበር። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የለካችው።

«ምካዋሲ፣ ተነሽ እንሂድ» አልኳት።

«ሲስተር፣ እኔ እርስዎ ዘንድ አልመጣም» አለች፣ መርፌውን እያየች። «ማሽኑ ይበቃኛል። ማሽን አይሳደብም።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ የዚህን ያህል የገባኝ የለም። ምዜ ከኋላዬ ቆመዋል፤ ሊናገሩ ሲሉ እጄን አነሳሁባቸው። መሬት ላይ በጉልበቴ ተንበረከክሁ፤ ያበጠ እግሯን ልይላት ብዬ ነው፣ ግን ለዚያ ብቻ አልነበረም።

«ያን ቀን ያዋረድኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «አንቺ አላጠፋሽም። ከፈለግሽ ዕድሜ ልክሽን ተቀየሚኝ። ዛሬ ግን ተነሽልኝ፤ ይሄ ቁጥር አንቺንም ልጅሽንም ይወስዳል።»

መርፌውን ከጨርቁ አነሳች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ክንዷን ሰጠችኝ።

ለዶክተር ሻምሳ ደወልኩና ታካሚያችን የስምንት ወር እርጉዝ ናት አልኳት። «ምዋኪዮ?» አለች። በሁለት ቃል አስረዳኋት። ሳትጠይቅ ሳትቆጣ የትኛውን መድኃኒት፣ ስንቱን እንደምሰጥ ነገረችኝ። ሰጠሁ። ልጅቷ ጥሩ ሐኪም ናት፤ ጥፋቷ ከኮምፒውተር ኋላ መቀመጧ ብቻ ነበር።

አምቡላንሱ ከምዜ ቤት ተመልሶ ወደ እኛ መጣ። አብሮት ያለው ሠራተኛ የያዘውን ስክሪን አየና ራሱን ነቀነቀ። የታዘዘው ለወንድ ነው፣ ስልሳ ስምንት ዓመት፣ ስሙ ምዋኪዮ። ሌላ ሰው ከጫነ ሲስተሙ ጉዞውን አይዘጋለትም፤ አዲስ ጥሪ ይመዝገብ፣ ተራ ይያዝ አለ። ልጮህ አፌን ስከፍት ምዜ ቀደሙኝ። ሸሚዛቸውን አስተካከሉ፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጋደሙ፣ መኪናው ውስጥ ገብተው ከዳር ባለችው ጠባብ መቀመጫ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ታካሚው እኔ ነኝ» አሉ። «እሷ አስታማሚዬ ናት። አልጋው ላይ አስተኛት።»

ሠራተኛው ስክሪኑን አየ። ምዜን አየ። ስክሪኑ የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቷል። ምካዋሲን አስተኝቶ በሩን ዘጋ።

ከሰዓት በኋላ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ከአንድ ዶሮ ብዙ አትበልጥም ነበር፤ ግን አለቀሰች። እናቲቱም አምስት ቀን ተኝታ ወጣች። የሆስፒታሉ መዝገብ ደግሞ ከአምቡላንሱ የተላከለትን ሳይመረምር ተቀብሎ፣ ምዜን በወሊድ ክፍል አልጋ አስይዟቸው ነበር። ይህን ለማስተካከል አምስት ቀን አልበቃም።

በሦስተኛው ሳምንት የፕሮግራሙ ሰውዬ ክራባቱን አስሮ መጣ። ዶክተር ሻምሳም አብራው መጣች፤ ከስልክ ውጪ ያየኋት ያኔ ነው። በኬላዬ ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። ሰውዬው ሰባቱን ገጽ ዘርግቶ፣ በምዜ ምክንያት የሁለት ወር መረጃ ተበክሏል አለ። ውሉ አንድ ማሽን ለአንድ ሰው እንደሚል፣ ይህንንም ምዜ አንብበው እንደፈረሙ አስታወሰ። ምዜ ቆመው አዳመጡት።

«ልጄ» አሉት ሲጨርስ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት ጣቢያ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ባቡር ለአንድ ሰው ሲሄድ አላየሁም።»

ከዚያ ደብተራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ዶክተር ሻምሳ ገጽ በገጽ አነበበችው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ ተለኪው ከመለካቱ በፊት ጨው በልቶ እንደሆነ፣ ከሚስቱ ተጣልቶ እንደሆነ ሁሉ ተጽፏል። ከአሥራ ሦስቱ ስድስቱ ከፍተኛ ግፊት ነበራቸው፤ ከስድስቱ ኬላዬን የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ለምን እንዳልመጡም ተጽፏል። ወረፋ። ሐዲድ መሻገር። ሥራ። ከሁለት ስሞች አጠገብ «ሲስተርን ይፈራሉ» ይላል።

ሰውዬው ማሽኑን ይዞ ሄደ፤ ደንብ ነው። ዶክተር ሻምሳ ደግሞ ደብተሩን ይዛ ሄደች። በምን እንደተከራከረች አላውቅም፣ ብቻ ከአንድ ወር በኋላ ማሽኑ በሰፈሩ ስም ተመዝግቦ ተመለሰ፤ ክንዱን ከማሰሩ በፊት የሰውዬውን ስም ይጠይቃል። ሦስቱ ስፔሻሊስቶች ምዜን በአካል የማየት ፍላጎታቸውን ትተዋል ብላ ነገረችኝ። ምካዋሲ ልጇን ለክትባት ይዛልኝ ትመጣለች። እኔም ብዙ ተሻሽያለሁ፤ አሁን ሰው ላይ መጮህ ሲያምረኝ በመጀመሪያ በሩን እዘጋለሁ።

ምዜ ግን አልተሻሻሉም። እንዲያውም ባሰባቸው። ሕይወት ያዳነ ሰው ማን ይመልሰዋል? አሁን የሚያርሙት እኔን ብቻ አይደለም፣ በየሳምንቱ ለዶክተር ሻምሳ ረጃጅም መልእክት ይጽፉላታል። ምጎይ፣ ልጃቸው፣ ባለፈው ወር ሞምባሳ ለአሥራ አምስት ቀን ስትወስዳቸው ጤና ኬላው ዕረፍት አገኘ። ሥራዬን በሰዓቱ ጨረስኩ። ማንም ስለ ስሙ አንድ መስመር ስለሚረዝም በሽታ አልጠየቀኝም። እጅግ ደስ የሚል ሳምንት ነበር።

በስምንተኛው ቀን ስልኬን አነሳሁና ደወልኩላቸው። ምዜ፣ ጉልበቴን እያመመኝ ነው፣ ምን ይሉኛል አልኳቸው። አርባ ደቂቃ አስረዱኝ። ከመካከሉ ምሳቸውን አቋርጠው ስልካቸው ላይ አንድ ነገር ፈለጉ፣ አገኙ፣ አነበቡልኝ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና ካርዶቼን እየሞላሁ አዳመጥኩ፤ ወረፋ የያዙትም ወንበራቸውን አስጠግተው አዳመጡ።

ጉልበቴን ከመጀመሪያውም አላመመኝም ነበር።